የሳነቴን ውርጭ ለማንሳት ለሚወጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በታኅሣሥና በጥር ከሐዋሳ ወደ ባሌ ለሚወጡ ፎቶ አንሺዎች ይህን ብታትሙልን። ከተማችን 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ባሌ ውስጥ ያለው የሳነቴ አምባ 4,000 ይደርሳል፤ የበጋው ሌሊትም ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ብዙ ካሜራ የሚበላሸው በብርዱ ሳይሆን ከብርዱ ሲመለስ ነው። የቀዘቀዘ ካሜራ ሙቅ መኪና ወይም ሻይ ቤት ሲገባ በሌንሱ ላይ፣ አንዳንዴም በውስጡ፣ ጤዛ ይቋጥራል። ስለዚህ ገና ውጭ ሳላችሁ ሚሞሪ ካርዱን አውጡና ካሜራውን ቀዳዳ በሌለው ፌስታል ውስጥ አየሩን አስወጥታችሁ አጥብቃችሁ እሰሩት። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ካሜራው እስኪሞቅ አንድ ሁለት ሰዓት አትክፈቱት፤ ፎቶውን ለማየት የሚቸኩል ሰው ካርዱን ቀድሞ ማውጣቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጤዛ የያዘውን ሌንስ ፈትቶ መጥረግ እርጥበቱን ወደ ሴንሰሩ፣ ማለትም ምስሉን ወደሚቀበለው የካሜራ ክፍል፣ ያስገባዋል።

ባትሪ በብርድ «አለቀ» ቢል አትጣሉት፤ ኬሚካላዊ ሂደቱ ስለተዳከመ ነው። ትርፍ ባትሪ ከጃኬት በታች፣ ገላ አጠገብ ያዙ፤ የደከመውም ሲሞቅ የተወሰነ ኃይል ይመልሳል። ሳይሞቅ ግን ቻርጅ አታድርጉት፣ ይጎዳል።

ውርጭ የሸፈነውን ሜዳ ካሜራው ግራጫ አድርጎ ስለሚለካው ፎቶው ይጠቁራል። የኤክስፖዠር (የብርሃን መጠን) ማስተካከያውን በ+1 ጀምሩ፤ ነጩ ከበዛ እስከ +2 ሂዱ፤ የፎቶውን ጨለማና ብርሃን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ (ሂስቶግራሙ) ቀኝ ጫፍ ላይ እንዳይከመር ተመልከቱ።

አደራ፣ ለተሻለ ማዕዘን ብላችሁ መኪና ከመንገድ አታስወጡ። ሜዳው የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው።

ፎቶ አንሺ፣ ከሐዋሳ