ከስሜ ቀጥሎ ስላለው ስምዎ

ሐዋሳ

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጽሑፎቼን በቴሌግራም በራሴ ስም ማውጣቴን ሰምተው «ማን አርሞልሽ፣ ማንስ ፈቅዶልሽ ነው ስማችንን አደባባይ ያወጣሽው?» ብለው ለጠየቁኝ ጥያቄ በስልክ የሰጠሁት መልስ እንዳላረካዎት ከዝምታዎ ተረድቻለሁ። እርስዎ በአፍ ከተነገረው ይልቅ በወረቀት የሰፈረውን ስለሚያምኑ፣ መልሴን እንደ አንድ አመልካች በጽሑፍ ላቀርብልዎት ወስኛለሁ።

ከፈቃዱ ልጀምር። ስጋትዎ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ በእርስዎ የወጣትነት ዘመን አንድ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር እጅ ማለፍ ነበረበት፣ ይህም የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ነው። ዛሬ በቴሌግራምም ሆነ በፌስቡክ ለሚወጣ ጽሑፍ ማኅተም የሚመታለት ባይኖርም ተጠያቂነቱ አልቀረም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከል የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አንብቤዋለሁ፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ሊቀጣ ይችላል። (የእኔ ተከታዮች ከዚያ እጅግ ስለሚያንሱ፣ ለጊዜው ሕጉም ቢሆን ከትንንሾቹ ነው የሚቆጥረኝ።)

ስለ አራሚው ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ በመጀመሪያ ማንም አልነበረም። እንዲያውም የጻፍሁት በብዕር ስም ነበር፤ የተሸሸግሁትም በዋናነት ከእርስዎ ነው። አዳማ ፍርድ ቤት ደጃፍ ታይፑን ዘርግቶ፣ የባለጉዳይን እንባና ቁጣ ሰምቶ፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለዳኛ የሚያስፈልገውን ብቻ መርጦ ሲጽፍ የኖረ ራፖር ጸሐፊ፣ የላላ ዐረፍተ ነገር ሲያይ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። መሳቢያዬ ውስጥ የተከማቹት ደብተሮች ይረቡ አይርቡ የሚነግረኝ ሰው አልነበረኝም። ወዳጆቼ ያሞግሱኛል፤ የወዳጅ ሙገሳ ግን ሆድ ከማስደሰት አልፎ ለጸሐፊ የሚጨምርለት ብዙ ነገር የለም።

በራሴ መተማመን የጀመርሁት አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ዓሣ ስለሚያጸዱት ወጣቶች የጻፍሁትን በቴሌግራም ካወጣሁ በኋላ ነው። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እንዴት እንደሚይዙት፣ ቅርፊቱን ገፍፈው ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለዩ ቢላዋው የት ጋ እንደሚዘገይ፣ ከላያቸው ያንዣበበውን አባኮዳ የተባለ ትልቅ ወፍ ሳያዩ በምን እንደሚያውቁት ነበር የጻፍሁት። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ዓሣ ልገዛ ስሄድ፣ ከመካከላቸው አንዱ ስልኩን ይዞ ያንኑ ጽሑፍ ጮክ ብሎ ለጓደኞቹ ሲያነብ ደረስሁ። እኔን የሚያውቀኝ የለም። ቆሜ ሰማሁ። ብዙ ደክሜበት የኮራሁበት፣ ሐይቁን በረጅሙ የሚያወድስ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ምላሱ ተደናቀፈ፤ እንደገና ሞከረና ዘልሎት አለፈ። ቀለል ስላለብኝ ልሰርዘው ምንም ያልቀረኝን የቢላዋውን ነገር ሲያነብ ግን ሁሉም ሳቁ፣ አንዱም «ይህ ሰውዬ ቢላዋ ይዞ ያውቃል!» አለ። ሌላው «አያውቅም፣ ቢያውቅ ስለ እጅ መቆረጥ ይጽፍ ነበር» ብሎ ተከራከረው። ቢላዋውን ይዤው አላውቅም፤ ሰውዬም አይደለሁም። ነገር ግን የማያውቁኝ፣ ሊያስደስቱኝ የማይፈልጉ ሰዎች በጻፍሁት ነገር ላይ እንደ እውነተኛ ጉዳይ ሲሟገቱ መስማት፣ ከዚያ በፊት ከተሰጠኝ ሙገሳ ሁሉ የበለጠ በእግሬ አቆመኝ። የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሚሸከምና የትኛው ለጌጥ ብቻ እንደተቀመጠ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሳልጠይቅ መለየት ጀምሬአለሁ፤ ሁልጊዜ ባይሳካልኝም።

ከጽሑፉ ግርጌ በዓይን ምልክት አጠገብ የሚታየው ቁጥር ያን ያህል አያኮራኝም፤ ስንት ጊዜ እንደታየ ይናገራል እንጂ ማን እስከ መጨረሻው እንዳነበበው አይናገርም። ይልቅ የጠቀመኝ ገደቡ ነው። ቴሌግራም አንድን መልእክት ከ4096 ፊደላት በላይ አያሳልፍም፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል፤ ገደቡ ሲያጨናንቀኝ እርስዎ «ዳኛው ገጹን ሳይገልጥ ምን እንደተጠየቀ ይወቅ» የሚሉት ነገር ትዝ ይለኛል። ደግሞም እርስዎ የጻፉት አንድ መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀራል፤ የእኔ ግን ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ የትኛውም አገር ያለ ሰው በስልኩ ሳይዛባ ያነበዋል። ቀድሞ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የየራሱ ኮድ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆን ነበር።

የብዕር ስሙን የተውሁት ከአሞራ ገደሉ ጽሑፍ በኋላ ነው። በአገራችን ወግ የልጅ ስም ያለ አባት ስም አይቆምምና፣ የራሴን ስሰጥ የእርስዎም አብሮ ወጣ። እርስዎ በጻፉት ማመልከቻ ሁሉ ግርጌ የሚፈርመው ባለጉዳዩ ነበር፤ ስንቱ ጉዳይ በእርስዎ ዐረፍተ ነገር ቆሞ እንደተከራከረ ግን የትም አልተጻፈም። ስለዚህ ስምዎን ከስሜ ቀጥሎ ሳየው አልደነግጥም፤ ቦታው የሚገባው ይመስለኛል። ጥንቃቄዬንም ጨምሮታል፤ ከማውጣቴ በፊት እርስዎ በመነጽርዎ ስር ሲያነቡት እያሰብሁ ደግሜ አየዋለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ራፖር ጸሐፊዎች ጀምሬአለሁ። ረቂቁን በመስመሮቹ መካከል ሰፊ ቦታ ትቼ አትሜ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ወደ አዳማ በሚመጣ ሰው ልኬልዎታለሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ እንዲያርሙልኝ እለምንዎታለሁ። በተለይ ሦስት ነገር ያልጠራልኝ አለ፦ ክፍያው በገጽ ነበር ወይስ በጉዳዩ ክብደት? በካርቦን በአንድ ጊዜ ስንት ቅጂ ይወጣ ነበር? ባለጉዳዩ መጻፍ የሌለበትን ነገር ይጻፍልኝ ብሎ ሲያስቸግርስ ምን ይሉት ነበር? ረቂቁ ከእርስዎ ሳይመለስ አላወጣውም፤ በታሪኩ ውስጥ እንዲታወቁ ካልፈለጉም ኅዳጉ ላይ ይጻፉልኝ።

ለእማዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪ ልጅዎ