ስለ በረዶና ስለ ወፍራም ጎማ ብስክሌት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ለአዲስ መጤ ወገኖቻችን ባወጣችሁት የክረምት ምክር ውስጥ «ብስክሌት ያላችሁ ከኖቬምበር ጀምሮ ምድር ቤት አስገቡት፤ እስከ ኤፕሪልም አትንኩት» የሚል አንቀጽ አንብቤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። ምክሩ ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን መኪና ለሌለውና ፈረቃው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ለሚጀምር ሰው አምስት ወር ሙሉ ብስክሌትህን ተው ማለት ሥራህን ተው ከማለት ብዙም አይርቅም። እኔ በሚኒያፖሊስ ስከርም ይህ ሰባተኛዬ ነው፤ ከሰባቱ አምስቱን ክረምት ሥራ የተመላለስሁት ፋት ባይክ በሚባለው ባለ ወፍራም ጎማ ብስክሌት ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ከተማዋ ሜዳ በመሆኗ ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ይሄድባታል፤ ጎማ ሲተነፍስም መንገድ ዳር ካለው ጎሚስታ ዘንድ አስለጥፎ ጉዞን መቀጠል ነው። በዚያ ያደገ ሰው ብስክሌት አውቃለሁ ቢል አይፈረድበትም፤ እኔም እንደዚያው እል ነበር። እኛ ዘንድ ጎማ የሚሞላው እስኪጠጥር ድረስ ነው፤ በበረዶ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ መሆኑን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

የፋት ባይክ ጎማ ወርዱ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። የሚጠቅመውም ወፍራም ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ውፍረቱ ነፋሱን እጅግ ዝቅ ለማድረግ ስለሚያስችል ነው። የመኪና ጎማ በአብዛኛው ከ30 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ፣ ፋት ባይክ በለስላሳ በረዶ ላይ ከ4 እስከ 8 ይበቃዋል። በዚህ መጠን የተሞላ ጎማ መሬት ላይ ተንጣልሎ የነጂውን ክብደት ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፈው፣ በረዶውን ሰንጥቆ በመስመጥ ፈንታ ላዩን ረግጦ ይሄዳል። እኔ ከቤት ከመውጣቴ በፊት ጎማውን በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ፤ ያለ ብዙ ጉልበት ገባ ካላለልኝ ነፋሱን አስተነፍሳለሁ። ብርዱ ራሱ ነፋሱን እንደሚቀንሰውም መታሰብ አለበት፤ 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል ውስጥ 8 የሞላ ጎማ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወደሆነ ብርድ ሲወጣና ሲቀዘቅዝ ወደ 5 ይወርዳል። ቤት ውስጥ «ልክ ነው» ብሎ ወጥቶ መንገድ ላይ ጎማው ቸርኬው ላይ ሲያረግድበት ግራ የሚጋባ ሰው ምክንያቱ ይኸው ነው።

ይህ ብስክሌት የተገኘው በአላስካ የኢዲታሮድን የበረዶ መንገድ በብስክሌት ለማቋረጥ የሚፎካከሩ ሰዎች ሁለት ቸርኬ ጎን ለጎን እስከ ማጣመር ደርሰው ሲሞክሩ ነው፤ በ2005 ደግሞ ሰርሊ የተባለው የጎረቤታችን የብሉሚንግተን ድርጅት ፐግዝሊ የተሰኘውን ሞዴል አውጥቶ በገበያ እንዲለመድ አደረገው። በዚህችው በሚኒሶታ በየዓመቱ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ አሮውሄድ በሚባለው ውድድር ከኢንተርናሽናል ፎልስ እስከ ታወር 135 ማይል በበረዶ ላይ የሚጓዙበት ሰዎች አሉ። እንግዲህ መሣሪያው ለዚህ ብርድ የተሠራ ነው።

ሆኖም ከሁሉ በላይ ልናገረው የምፈልገው ይህን ነው፤ ወፍራም ጎማ ለበረዶ እንጂ ለግግር፣ ማለትም ረግቶ እንደ ድንጋይ ለጠጠረው ውኃ፣ መድኃኒት አይደለም። የመጀመሪያዬን ፋት ባይክ ያገለገለ ስገዛ ሻጩ «በዚህ ጎማ የሚያቆምህ ክረምት የለም» አለኝ፤ እኔም አመንሁት። ቀን ቀልጦ የወረደው ውኃ ሌሊት መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደ ብርጭቆ ረግቶ ነበር፤ ስታጠፍ ጎማው ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ከሥሬ ሸሸና በቀኝ እጄ ወደቅሁ። አንጓዬ ተሰበረ፤ ስድስት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀመጥሁ። ለስላሳው ላስቲክ ምንም ያህል ቢሰፋ ግግርን አይነክስም፤ የሚነክሰው ጥርሱ ላይ ካርባይድ ከሚባለው ጠንካራ ቁስ የተሠሩ ትናንሽ ሹሎች የተተከሉበት ጎማ ነው። ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሁለቱ ጎማዎች ያገለገለ ብስክሌት ሊገዛ የሚችል ገንዘብ ያወጣሉ። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ ግን የፊቱ ይቅደም፤ የኋላው ቢንሸራተት ሰው ሚዛኑን ሊመልስ ይችላል፣ የፊቱ ካመለጠ ግን አበቃ።

ሁሉም ሰው ፋት ባይክ ይግዛ ማለቴም አይደለም። የምትመላለሱበት መንገድ በብዛት ሚድታውን ግሪንዌይ ከሆነ፣ ያ 5.5 ማይል የሚሆነው፣ ቀድሞ የባቡር መስመር የነበረው የብስክሌት መንገድ በረዶ በጣለ ቁጥር ስለሚጠረግ ሹል ያለው ቀጭን ጎማ ይፈጥናል፣ ጉልበትም ይቆጥባል። እዚያ የሚያሰጋው ሃያዋታ ጎዳናን እንደሚያሻግረው እንደ ሳቦ ድልድይ ያለው ቦታ ነው፤ ድልድይ ከሥሩም ብርድ ስለሚነፍስበት ከመንገዱ ቀድሞ ይረጋል። ፋት ባይክ ዋጋውን የሚያወጣው ግሬደር ዘግይቶ በሚደርስባቸው የሰፈር መንገዶችና ሰው ረግጦት በተጎረባበጠ በረዶ ላይ ነው። የእኔ መንገድ ግማሹ እንደዚያ ስለሆነ መረጥሁት።

የሰውነትን ነገር በአጭሩ ልበል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ቀን ነፋሱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ከነፈሰ የተጋለጠ ቆዳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ብስክሌት ነጂ ደግሞ በፍጥነቱ ተጨማሪ ነፋስ ይፈጥራል። ከጓንት ይልቅ ፖጊ የሚባለው፣ መሪው ላይ የሚታሰረውና እጅ የሚከተትበት መሸፈኛ አድኖኛል። በኤሌክትሪክ ብስክሌት ምግብ የሚያደርሱ ወጣቶቻችን ደግሞ ባትሪውን ነቅለው ቤት ያስገቡት፤ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ የሊቲየም ባትሪ ሳይሞቅ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ይበላሻል። በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨውም ሰንሰለትን በአንድ ክረምት ስለሚበላው ማታ ማታ በጨርቅ መጥረግና ዘይት መቀባት ያስፈልጋል።

ስለዚህ የተከበሩ አዘጋጅ፣ በመጪው ኦክቶበር፣ በረዶው ሳይጥል፣ ያንን አንቀጽ አርማችሁ እንድታወጡ በትሕትና እጠይቃለሁ። የትኛው ጎማ ለየትኛው መንገድ እንደሚሆን፣ ነፋሱ ስንት መሆን እንዳለበትና ግግር ላይ የፊት ፍሬን መያዝ ምን እንደሚያስከትል በአማርኛ የተጻፈ ነገር ለአዲስ መጤው ያስፈልገዋል። እናቴን የሚያህሉ ሴት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል በዚያ ብርድ አውቶቡስ ሲጠብቁ በየማለዳው አልፋቸዋለሁ፤ ልጃቸው ብስክሌት እንዳለውና ምድር ቤት እንዳስቀመጠው ነግረውኛል። ጎማውን ለመለወጥ እኔ እረዳዋለሁ ብዬአቸዋለሁ፤ ጋዜጣችሁን ግን እሱም ያነብባል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከሚኒያፖሊስ