የደህንነቱን ሕግ ከመሳቢያ አውጥታችሁ ለጥፉልን

ለአዘጋጁ፣

ቃሊቲ አካባቢ ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ስንቀጠር "የደህንነት መመሪያውን አንብቤ ተረድቻለሁ" የሚል ወረቀት አስፈርመውናል። መመሪያውን ግን ያየው የለም። ስንጠይቅ "ቢሮ አለ፣ ተቆልፎበት ነው" ይሉናል፤ ቁልፉ ያለው ሰውዬ ደግሞ ሁሌም መስክ ነው።

ይቺ ፊርማ ቀላል አይደለችም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ሥራ ላይ ቢጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ግን አሠሪው አይጠየቅም፤ ሰክሮ ሥራ መግባት፣ አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስም እዚሁ ውስጥ ተቆጥሯል። እንግዲህ ነገ የአንዱ ጣት መቁረጫ ማሽን ውስጥ ቢቀር፣ ያላነበበውን አንብቤያለሁ ብሎ የፈረመባት ወረቀት ከፋይል ወጥታ በማን ላይ እንደምትመሰክር አስቡት።

በዚያ ላይ ሕጉ ውስጥ ለእኛ የተጻፈው ነገር ብዙ ነው። አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስገነዝብ፣ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙንም እንዲያሳይ፣ የደረሰ አደጋን መዝግቦ እንዲያሳውቅ፣ የደህንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም ያስገድዳል። ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ወደ ሥራ ስትሄድ ወይም ስትመለስ የሚደርስብህ አደጋ የሥራ ላይ አደጋ ነው። ይህን ለአንድ ሰርቪስ ሙሉ ሰው ብትጠይቁት ስንቱ ያውቃል? ተጎድቶ መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ክፍያ አለው፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። እኛ ጋ ግን "አይዞህ፣ እናሳክምሃለን" ከተባለ እንደ ውለታ ተቆጥሮ እጅ ተነስቶ ይወጣል።

ሕጉ ተገኘ ቢባል እንኳ አንዳንዴ የሞተው ሕግ ነው። በቴሌግራም የሚዘዋወረው ፒዲኤፍ ብዙውን ጊዜ የ1996ቱ አዋጅ 377 ነው፣ የተሻረው። አንዱ ልጅ ያንን አትሞ ይዞ ሊከራከር ገብቶ ተስቆበት ወጥቷል። መለያው ቀላል ነው፦ የዓመት ፈቃድ ከ14 ቀን ይጀምራል የሚል ከሆነ አሮጌው ነው፣ አዲሱ 16 ነው የሚለው።

ቋንቋውም ሌላ ጣጣ ነው። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። አብረውኝ ከሚሠሩት ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ወይም በወላይትኛ ነው። አማርኛውም ቢሆን የሕግ አማርኛ ስለሆነ እኔ ራሴ አንዳንዱን አንቀጽ ሁለት ሦስቴ ካላነበብኩ አይገባኝም።

አለቆቻችን "ሠራተኛ መቼ ያነባል?" ይላሉ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ዝውውር ከነዋጋው የሚተነትን ሠራተኛ ስለ ገዛ ጣቱ የተጻፈን አንድ ገጽ ማንበብ ያቅተዋል? አሜሪካ ብትሄዱ የሥራ ደህንነት ፖስተር ሠራተኛው በሚያየው ቦታ መለጠፍ የአሠሪው ግዴታ ነው፣ ፖስተሩንም መንግሥት በነፃ ነው የሚሰጠው። እኛ ጋ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው የቅጣት ደብዳቤ ብቻ ነው።

የምንጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። የደህንነትና የጉዳት ካሳ ክፍሉ በቀላል ቋንቋ፣ ሠራተኛው በሚናገራቸው ቋንቋዎች፣ ፈረቃ በምንቀያየርበት በር ላይ ይለጠፍ፤ ሕጉ ሲለወጥ እሱም ይለወጥ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችም ሲመጡ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ቡና ጠጥተው ከሚሄዱ፣ አንድ ማሽን ላይ ያለ ሰው ጠርተው "መመሪያው የት ነው ያለው?" ብለው ይጠይቁልን። ሠራተኛ ማኅበራትም ለሚያዝያ 23ቱ የሜይ ዴይ በዓል ቲሸርት ከምታድሉን ይህቺን ገጽ ብታድሉን ደስ ይለናል (ቲሸርቱንም አንጠላም)።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። አንቀጽ 92ንና የጉዳት ክፍያውን አንድ ሙሉ ገጽ ሰጥታችሁ፣ ፊደሉን ተለቅ አድርጋችሁ አትሙልን። ቆርጠን የምንለጥፈው እኛው ነን።

አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከቃሊቲ