ቦታውንና ጥግግቱን አታምታቺ

ባሕር ዳር፣ ሐምሌ

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አያትሽ ስምሽን ሳያነሱ አይውሉም።

ወንድምሽ ከዘጌ ሲመለስ፣ ትኩሳት ይዞሽ ሳለ ደንገሉ ውስጥ ቆመሽ የሸማኔ ወፍ ጎጆ ስትቆጥሪ እንዳገኘሽ ነገረኝ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደምሽን ተመርመሪ። አጎበር ሳትዘረጊ አትተኚ። ያለ ቦቲ ውሃ አትግቢ፤ ቢልሃርዚያው አለ፣ ጉማሬውም አለ።

የጥናት ዕቅድሽንም አነበብኩት። «ጎጆ በተጠጋጋበት አንድ ወንድ ብዙ ሴት ይይዛል፤ ምክንያቱም መጠጋጋቱ ነው» ብለሻል። ልጄ፣ ቦታውንና ጥግግቱን አታምታቺ። ወፎች የሚጠጋጉት ቦታው ሲመቻቸው ነው፦ ምግብ ሲቀርብ፣ ቅርንጫፉ ውሃ ላይ ተንጠልጥሎ ጠላት ሲቸገርበት። እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ የያዘ ወንድ ጎረቤት ባይኖረውም ሴት ሊበዛለት ይችላል።

ይባስ ብሎ ያነጻጸርሻቸው ሁለት ዝርያዎች ናቸው። ሐይቁ ዳር በመንጋ የሚሠራው ሸማኔ ወፍ ፕሎሴየስ ኩኩላተስ ነው፤ ወንዱ ብዙ ሴት ያገባል። በየጓሮው ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚሠራው ፕሎሴየስ ባግላፌክት ነው። የወፍ ጠባይ ተመራማሪው ጆን ክሩክ በ1964 ወደ 90 የሚጠጉ የሸማኔ ወፍ ዝርያዎችን ሲያነጻጽር፣ ነፍሳት የሚበሉት የጫካ ዝርያዎች በአብዛኛው ተራርቀው በጥንድ፣ ጥሬ የሚለቅሙት የሜዳ ዝርያዎች ደግሞ በመንጋና በብዙ ሚስት እንደሚኖሩ አሳየ። ያ ልዩነት በምግብና በመኖሪያ ለብዙ ዘመን የተበጀ ነው። አንድ ወፍ ጎረቤቱ ሲበዛ ጠባዩን ይለውጣል ወይ የሚለው ጥያቄሽ ሌላ ነው፤ መልሱን በአንድ ዝርያ ውስጥ ፈልጊ።

የዋይተምን ጫካ ታሪክ አሁንም እደግምልሻለሁ፣ አትሰልቺ። ኦክስፎርድ አጠገብ ካለው ከዚህ ጫካ ተመራማሪው ጆን ክሬብስ በመራቢያ ወቅት ግዛት የያዙ ግሬት ቲት የሚባሉ ትናንሽ ወፎችን ጥንድ ጥንዱን አነሳ፤ ውጤቱን በ1971 አወጣ። ባዶው ግዛት ብዙም ሳይቆይ ተያዘ። የመጡት በብዛት አንድ ዓመት የሆናቸው፣ ከእርሻ ዳር ቁጥቋጦ የለቀቁ ወፎች ናቸው። ቁጥቋጦው ጫጩት የማሳደጊያ መልካም ቦታ አልነበረም፤ ወፎቹ እዚያ የሰፈሩት ጫካው ስለሞላ ነበር። አየሽ ልጄ፣ ክሬብስ ወፍ ባያነሳ ኖሮ «ቁጥቋጦ የሚወዱ ወፎች አሉ» ተብሎ ይቀር ነበር። ኋላ፣ በ1977 ባወጣው ሥራ፣ ባዶ ግዛት ላይ በድምፅ ማጉያ ዝማሬ ሲያሰማ ቦታው ዘግይቶ ተያዘ። ወፎች ቦታው መያዙን በጆሯቸውም እንደሚያውቁት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም። አንቺ ወፍ አታንሺ፤ ግን አንዱን መንጋ ከወር እስከ ወር ተከታተዪ፤ ቦታው ሳይለወጥ ጎረቤት ሲጨምርና ሲቀንስ ታያለሽ።

ከጎረቤት ወንድ ስለሚወለዱ ጫጩቶችም ቸኩለሻል። ተመራማሪዎቹ ዌስትኒትና ሸርማን በ1997 ጥናቶቹን ሲሰበስቡ፣ በአንዳንድ ዝርያዎች ውስጥ መጠጋጋት ከእነዚህ ጫጩቶች መብዛት ጋር ሲሄድ አገኙ፤ ዝርያን ከዝርያ ሲያነጻጽሩ ግን ግንኙነቱ አልታየም። ጎረቤት ሲበዛ ወንዱ የሌላውን ሴት ያገኛል፤ የራሱንም መጠበቅ አለበት። ሴቲቱን ሲከተል የዋለ ወንድ አዲስ ጎጆ አይሸምንም። የትኛው እንደሚያይል በሩቅ ሆኖ አይገመትም።

አሁን ሥራውን ስሚኝ። ጎጆ ቆጥረሽ ሴት ቆጠርኩ አትበይ፤ ወንዱ ብዙ ጎጆ ይሸምናል፣ ሴት ያልመረጠችውንም ራሱ አፍርሶ እንደገና ይሠራል። ሴት የገባችበትን የምታውቂው ውስጡን ስታነጥፍ ነው። በአንድ ዛፍ ላይ ጂፒኤስ አይረዳሽም፤ ስህተቱ ብዙ ሜትር ነው፣ ጎጆዎቹ ደግሞ ከሜትር ባነሰ ይቀራረባሉ። ከእያንዳንዱ ጎጆ እስከ ቅርቡ ጎረቤት ያለውን ርቀት በሜትር ለኪ፤ በዚያው ሳምንት እንቁላል የሚጥሉትን ጎረቤቶችም ለይተሽ ጻፊ፤ ጫጩት የምትመግብ ጎረቤት አትቆጠርም። ወንዶቹን እግራቸው ላይ በሚታሰር የቀለም ቀለበት ሳትለዪ አትጀምሪ፤ አንዱን ወንድ ሁለት አድርገሽ ትቆጥሪያለሽ። የማጥመጃ ፈቃዱ በእጅሽ ሳይኖር ግን የወፍ መረብ አትዘርጊ፤ ዝናብ ሲያስገመግም ወዲያው እጠፊው፤ የረጠበ ወፍ በመረብ ላይ ይሞታል።

እንቁላል በሚጣልበት ሳምንት ጎጆ አትንኪ፤ በእንጨት ጫፍ ባሰርሽው መስታወት እዪ። ደም ስትወስጂ ከክንፉ ሥር ጠብታ ብቻ፣ ከ50 ማይክሮሊትር አይብለጥ፤ ንጹሕ ኤታኖል ውስጥ አስቀምጪ። የዲኤንኤው ውጤት ሲመጣ ጫጩቱን መጀመሪያ ከእናቱ ጋር አስተያዪ። እናቲቱ ካልገጠመች ሌላ ሴት የጣለችው እንቁላል ይሆናል፤ ያ ለአባት ቆጠራሽ አይገባም።

አሁንም እልሻለሁ፣ ቦታውንና ጥግግቱን አታምታቺ። ለእያንዳንዱ ዛፍ የውሃውን ርቀት፣ የቅርንጫፉን ከፍታና ምግብ የሚለቅሙበትን መስክ ርቀት በሰንጠረዡ አስገቢ።

በሶና ማር በወንድምሽ ልኬያለሁ። የደም ምርመራሽ ውጤት እንደ ወጣ ደውዪልኝ፤ ሰንጠረዡን ከዚያ በኋላ ላኪው።

እናትሽ