እማዬ፣ ባንክ የማልገባው ለዚህ ነው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? በሶውና ቆሎው በሰላም ደርሶኛል። ቆሎውን ቢሮ ይዤው ሄጄ ለሁሉም አዳረስኩ፤ እጅሽ ይባረክ ብለውሻል።

ጋሼ ባንክ ስላገኘልኝ ሥራ በስልክ ጀምረን ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሳንጨርስ ቀረን። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ። እማዬ፣ ባንክ አልገባም። የያዝኩትን ሥራ እወደዋለሁ። «ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የምትሠሪው ግን ምንድን ነው?» ብለሽኝ ነበር፤ ዛሬ በደንብ ልንገርሽ።

ቢሯችን ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ነው፤ አሮጌ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል። በመስኮቱ የንግድ ባንክ ረጅሙ ሕንጻ ይታያል። ጥቂት ልጆች ነን። ድረ ገጽ የሚያሠራ ሁሉ ይመጣል፤ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ቡና ላኪ፣ አስጎብኚ። እኔ ዲዛይኑን እሠራለሁ፣ ሌሎቹ ኮዱን ይጽፋሉ።

ተዘጋጅቶ የሚገኘው ሲስተም አብዛኛው የተሠራው ለፈረንጅ ነው። የእኛ ድካም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። በቅርቡ ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ገጽ ሠርተናል። ሲስተሙ ጠዋት 3 ሰዓት የሚለውን ቀጠሮ «9:00» ብሎ ያወጣዋል። አንቺ ይህን ብታዪ መቼ ትሄጃለሽ? ከሰዓት በ9 ሰዓት ነዋ! ሐኪሙ ጠዋት ጠብቆሽ ሄዷል። ስለዚህ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ እንዲጽፍ አደረግነው። ቀኑም ያው ነው። የፈረንጅ ካላንደር 12 ወር ቆጥሮ ያበቃል፣ ጳጉሜን አያውቃትም። 5 ቀን ብትሆንም፣ በ4 ዓመት አንዴ 6 ብትሆንም፣ ሰው ጳጉሜን ላይም ይታመማል። ካላንደሩን ከሥሩ እንደገና ሠራነው።

ስም ደግሞ አለ። የፈረንጅ ፎርም የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። የእኛ ሰው ምን ያድርግ፣ የአያቱን ስም ይሞላል። ከዚያ ሲስተሙ መልእክት ሲልክ በአያቱ ስም ይጠራዋል። አንዲት ወይዘሮ በሟቹ አያቷ ስም «ቀጠሮዎ ደርሷል» ስትባል አስቢው። እኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብለን ለየነው። ሰው የሚጠራው በገዛ ስሙ ነው።

አሁን አንቺ በደንብ ወደምታውቂው ነገር ልምጣ። ታይፒስት ሆነሽ የፊደሉን አካል ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ እየመታሽ ስትጽፊ አይቼሻለሁ። ከካርቦኑ ሥር ያለው ኮፒ ላይ ቅጥያው ካልወጣ ወረቀቱን አውጥተሽ እንደገና ትጀምሪ ነበር። እኔም የምጨነቀው ለዚያው ነው። ፎንቱ በጣም ካነሰ ስልክ ላይ «ቡና» «ቢና» ይመስላል። ወፍራም ቅርጽ ያልተሠራለትን ፎንት ኮምፒውተሩ በራሱ ሲያወፍረው ደግሞ የፊደሉ ቀዳዳ ይደፈናል። መስመሮቹን ለእንግሊዝኛ በተለካው ልክ ከተውናቸው ይጨናነቃሉ። ደንበኛው «አማርኛው ለምን ያስጠላል?» ይላል፤ ፊደላችን አያስጠላም፣ ቦታ ነው ያጣው። መጠኑን ትንሽ ከፍ፣ መስመሩን ትንሽ ራቅ ሳደርገው ገጹ ሲተነፍስ ይታየኛል።

አንድ ትምህርት ቤት ደግሞ የቆየ ታሪኩን በሲዲ ይዞ መጣ። ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት ዩኒኮድ የሚባል የጋራ የቁጥር ሰንጠረዥ አለ፤ ፊደላችን እዚያ ውስጥ የገባው በፈረንጆች 1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የራሱ ቁጥር ነበረው። ስለዚህ ፋይሉ ሲከፈት የተቆላለፈ የላቲን ምልክት ብቻ ሆነ። እየቀየርን፣ መስመር በመስመር ከታተመው መጽሔታቸው ጋር እያስተያየን አወጣነው። የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች ስም ስክሪኑ ላይ ሲነበብ ርእሰ መምህሩ ተነስተው ጨበጡን። እንዲህ ያለ ቀን ባንክ ውስጥ የማገኝ አይመስለኝም። እዚያ የሚጠብቀኝ ፓስወርድ ለረሳ ሰው መክፈትና ፕሪንተር ማስተካከል ነው። እሱም ሥራ ነው፣ አልንቀውም፤ የኔ ግን አይደለም።

ስለ ገንዘቡ አልዋሽሽም፣ ባንኩ ይበልጣል። የእኛ ደንበኛ ቀብድ ከፍሎ «ጽሑፉን ነገ እልካለሁ» ይልና ወር ይጠፋል። ጽሑፍ ከሌለ ገጹ አያልቅም፣ ገጹ ካላለቀ ቀሪው ብር አይመጣም። ሆስቲንግ፣ ማለትም ገጹ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ኪራይ፣ የምንከፍለው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ 100 ብር አለፈ፤ በድሮው ሒሳብ የተዋዋልነውን ከኪስ ሞላን። ያኔ ከብዶን ነበር። አሁን ሆስቲንጉን ከዲዛይኑ ለይተን እንዋዋላለን። ደሞዝም በሰዓቱ ይወጣል፣ ለኪራይና ለአስቤዛ ይበቃኛል። ለመድኃኒትሽ የምልከውም አይቋረጥም።

ሌላው የምንጣላበት ነገር ፎቶ ነው። ደንበኛ ሁሉ ፎቶውን እንዳለ፣ ትልቁን፣ በብዛት እንዲገባለት ይፈልጋል። ገጹን የሚከፍተው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው፣ ሜጋውንም በካርድ የገዛው ነው። አንድ የስልክ ፎቶ 5 ሜጋ ሊሆን ይችላል፤ ዐሥር ከተደረደረ ገና ስልክ ቁጥሩ ሳይታይ 50 ሜጋ ጠፋ ማለት ነው። እናሳንሰዋለን፣ ለዓይን ልዩነቱ አይታወቅም። ይህን ሳደርግ የማስበው አንቺን ነው፤ ያችን ጥቅል ስትቆጥቢ አውቃለሁ።

እንግዲህ ጋሼን አንቺ ንገሪልኝ። ስለኔ መድከሙን ከልቤ አመሰግናለሁ፣ ደውዬም እነግረዋለሁ። ግን መጀመሪያ ካንቺ ቢሰማው ቅር አይለውም። ቦታውን ለሌላ ልጅ እንዲሰጡት እስከ ዓርብ ቢያሳውቃቸው ጥሩ ነው።

የክሊኒኩን ገጽ ሊንክ ለእህቴ በቴሌግራም ልኬላታለሁ። መነጽርሽን አድርገሽ አንብቢው። የተሳሳተ ፊደል ካገኘሽ በወረቀት ጻፊና ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፣ በማግስቱ አስተካክለዋለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ