ስማቸው እንዳይጠራ ለጠየቁኝ ሰውና ለሁላችሁም፤ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይመስገን። ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ ስለምታውቁ አልተርከውም። ከሕመም አልጋ ተነሥቼ በጡረታ መሸኛዬ ምሽት በመካከላችሁ እንድቆም ያበቃችሁኝን ግን ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

በስቶክሆልም አጠገብ ባለው የድሮትኒንግሆልም ቤተ መንግሥት ቲያትር የመድረኩን ገመድና መዘውር ሲጠብቁ የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። ስሜ አይጠራ ብለውኛል፤ ቃላቸውን አከብራለሁ፣ ውለታቸውን ግን አልደብቅም። ገና የሥነ ጥበብ ታሪክ ተማሪ ሳለሁ በሸራ ላይ የተሳሉትን የመድረክ ሥዕሎች ላጠና ብሄድ፣ እሳቸው ከመድረኩ በታች ይዘውኝ ወረዱ። ሰዎች ትልቁን የእንጨት መዘውር ሲገፉት በግራና በቀኝ የቆሙት ሥዕሎች በአንድነት ተንሸራተቱ፤ ጫካው በጥቂት ሰከንድ ቤተ መንግሥት ሆነ። ድንጋይ ያለበት ሣጥን ሲናጥ ነጎድጓድ ተሰማ፤ ጠመዝማዛዎቹ እንጨቶች ሲሽከረከሩ ባሕሩ ተናወጠ። የሕይወቴ ሥራ የተወሰነው ያን ቀን ነው።

ቲያትሩ እ.ኤ.አ. በ1766 ተሠርቶ፣ የስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ ሦስተኛ በ1792 ከተገደለ በኋላ ተዘንግቶ ነበር። ስዊድናዊው ምሁር አግነ ቤየር በ1921 ሥዕል ሲፈልግ አገኘው፤ በዓመቱም በሩ ዳግም ለተመልካች ተከፈተ። የባሮክ ኦፔራ፣ ማለትም ከ1600 እስከ 1750 ገደማ በአውሮፓ የነበረው በዜማ የሚቀርብ ድራማ፣ በዘመናችን የተነሣው በምሁራንና በሙዚቀኞች ድካም ብቻ አይደለም፤ መዘውሩን የሚያውቁ እጆች ባይኖሩ ኖሮ አማልክት ከደመና በገመድ ቀስ ብለው የሚወርዱበት ዜማ ለምን ያን ያህል እንደሚረዝም ማን ያስረዳን ነበር?

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ እንባ ቀደመኝ። ቲያትሩ ማሞቂያ ስለሌለው በብርዱ ወራት ይዘጋል። እሳቸው ማረፍ በሚገባቸው በእነዚያ ወራት አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው የመጽሐፌን ረቂቅ አነበቡልኝ። ስለ ደመናው ማውረጃ የጻፍኩት ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ ገመዱ የሚሄድበትን በጣታቸው አየር ላይ ያሳዩኝ ነበር። መዳን እንደምፈልግ ያወቅሁት ያኔ ነው።

በ1682 በፓሪስ ስለቀረበው ስለ ዜማ ደራሲው ሉሊ ኦፔራ ስለ «ፐርሴ» እንድጽፍ ያበረታቱኝም እሳቸው ናቸው። የዚህ ኦፔራ ታሪክ የሚፈጸመው በኢትዮጵያ ነው፤ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ሆና ሳለ፣ የአውሮፓ ሠዓሊዎች አብዛኛውን ጊዜ ነጭ አድርገው ሥለዋታል። በመሸኛዬ ምሽት የአንድሮሜዳን ዜማ ያዜምሽልኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ድምፅሽን ይባርከው።

ሐኪሞቼና ነርሶቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ምግብ ይዛችሁ የተመላለሳችሁ የስቶክሆልም ወገኖቼ፣ በጸሎት ያሰባችሁኝ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ብድራችሁን እሱ ይክፈል። ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ፤ እባካችሁ አትቀየሙኝ።

መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ የመጀመሪያው ቅጂ የእሳቸው ነው። ቲያትሩ በበጋ ሲከፈት ራሴ ወስጄ እሰጣቸዋለሁ።