አንድ ፒክስል ወደ ጎን

ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹስ? እናትህስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ዝም ያልኩህ ተቀይሜህ አይደለም። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ስልኬም ጠፋ፣ ቤተ ሙከራውም ባዶውን ቀረ፣ እኔም ወሬ አስጠላኝ። «ትንሽ ሲረጋጋ እደውልለታለሁ» ስል ዓመት በዓመት ላይ ተደራረበ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሐፍረቱ ያዘኝ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ዝናቡ ነው። ሌሊቱን በደሴ በኩል ሲያጓራ አደረ። ጠዋት ስወጣ ቦርከና ደፍርሶ፣ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ይወርዳል። አንተ ትዝ አልከኝ። ተማሪ ሳለን ትራይፖዱን ተሸክመህ፣ እዚያው ዳር ቆመህ «ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?» ብለህ ነበር። ወንድሜ፣ እኔ ዛሬ እንጀራ የምበላው ይህችኑ ጥያቄ እያስተማርኩ ነው። ለሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ጂአይኤስ፣ ያው በኮምፒውተር ካርታ መሥራትና መተንተን፣ አስተምራለሁ።

መጀመሪያ ላይ አበላሽቼው ነበር። «ይህን ተጫኑ፣ ያንን ክፈቱ» ነበር ትምህርቱ። ልጆቹ ደግሞ ፈጣኖች ናቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ ሶፍትዌር እንደ ስልካቸው ያገላብጡታል። ካርታቸው ያምራል፤ ቀለሙ፣ የሰሜን ቀስቱ፣ ስኬሉ ሁሉ በቦታው ነው። ጣቴን አንድ መስመር ላይ አድርጌ «ይሄ መሬት ላይ የቱ ጋ ነው?» ስላቸው ግን እርስ በርስ ይተያያሉ።

አንድ ቀን አንድ ቡድን የድሮ የመንገድ ሥራ ነጥቦችን ራሳቸው በጂፒኤስ ከለቀሙት ጋር አንድ ላይ ከፈቱ። ካርታው ላይ ድልድዩ ከወንዙ ወጥቶ ማሳ መሀል ቆመ። «ቀያሹ ተሳስቷል» አሉኝ። ቀያሹ አልተሳሳተም። ዳተሙ፣ ማለትም ነጥቦቹ የሚለኩበት መነሻ፣ ተለያይቶ ነው፤ የእሱ ነጥብ በድሮው በአዲንዳን ነው፣ የነሱ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብሊውጂኤስ 84። ሁለቱም የካርታ ዞናቸውን 37 ይላሉ፣ ቁጥሮቹም ስለሚቀራረቡ ዓይን ያታልላሉ። እኛ አገር ላይ ግን በሁለቱ መካከል ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ያ ልዩነት ድልድይ ያህል ነገር ከወንዝ ያወጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳተሙ ያልተጻፈበት ካርታ ምንም ቢያምር አላርምም።

ከሁሉ የምነግርህ ግን የከልቨርቱን፣ ያው ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፈውን ቱቦ ነገር ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ከልቨርት መረጥኩና ተፋሰሷን፣ ማለትም ዝናቡ ወደ እሷ የሚፈስበትን መሬት ሁሉ፣ አውጡ አልኳቸው። አሠራሩን ታውቀዋለህ። የመሬቱ ከፍታ በፒክስል፣ በትንንሽ አራት ማዕዘን፣ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ፒክስል ዙሪያውን ያሉትን ስምንት ጎረቤቶቹን ያይና ቁልቁለቱ ለሚበረታበት ውሃውን ይሰጣል። ያም ለሚቀጥለው ይሰጣል። እንዲያ እያለ ፈፋው በስክሪኑ ላይ እንደ ደም ሥር ይወጣል። አንተ መውጫውን ትነካለህ፣ ከላይ ያለው ተፋሰስ ይመጣልሃል።

አንዷ ልጅ 3.6 ካሬ ኪሎ ሜትር አወጣች። አጠገቧ ያለው ልጅ 8,100 ካሬ ሜትር። አንድ ሄክታር እንኳን አይሞላም፤ ዘጠኝ ፒክስል ነው። ያው ዳታ፣ ያው ከልቨርት። ልጁ የነካው ፈፋው ላይ ሳይሆን አንድ ፒክስል ወደ ጎን ነበር። ሶፍትዌሩ አልጮኸበትም፣ ቀይ ጽሑፍም አላወጣበትም። ውብ ካርታ ሠርቶ ሰጠው። ልጁም በዚያ ስፋት ጎርፉን አስልቶ አንድ የ90 ሴንቲ ሜትር ቱቦ በቂ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ያ ቱቦ እውነት ቢቀበር ምን እንደሚሆን አስበው።

በበነጋው ይዣቸው ወጣሁ። ከመንገዱ በታች የአንዲት እናት ቤት አለች። ውሃው የት ድረስ እንደሚደርስ ስንጠይቃቸው ምንም ሳይናገሩ ወደ ጓሮ ወሰዱን። በጭቃው ግድግዳ ላይ ደለሉ የተወው መስመር አለ። አንዷ ተማሪ ሜትሯን ዘርግታ ለካችው፤ 62 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ እናትየው እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ውሃው ከዚህ ፈፋ ብቻ አይደለም። መንገዱ ራሱ ከወዲያኛው ፈፋ እያመጣ ይጥልብናል።»

ሽቅብ ሄደን አየነው። እውነታቸውን ነው። የወዲያኛው ቱቦ በደለል ተደፍኗል። ውሃው የመንገዱን ቦይ ይዞ ወደዚህኛው ይመጣል። የ3.6ቷም ልጅ መልስ ስለዚህ ጎደለ። ቦዩ ወርዱ አንድ ሜትር ነው። የእኛ ፒክስል 30 በ30 ሜትር፤ መንገዱን ከነቦዩ ውጦታል። ደግሞ ያ የከፍታ ዳታ ከጠፈር መንኮራኩር ላይ በራዳር የተለካው በየካቲት 1992 ነው። በ2009 የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ አያውቅም፣ የባቡር መንገዱን አፈር ሙሌትም አያውቅም። ኮምቦልቻ ከዚያ ወዲህ ስንት ቦታ ተቆርጣለች፣ ስንት ቦታ ተሞልታለች!

ልጆቹ ያን ዕለት ተለወጡ። ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ያወሩት ስለ ሶፍትዌር አልነበረም፤ የተደፈነው ቱቦ መቼ እንደሚጠረግና ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው ነበር። አሁን የእያንዳንዱ ሥራ ግማሹ ማርክ ቦታው ድረስ ሄዶ ለማየት ነው። ጫማው ጭቃ ያልነካ ተማሪ ግማሹን ብቻ ያገኛል።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር ኩታበር ልወስዳቸው አስቤያለሁ። እዚያ ተረተሩ ላይ ቆመህ በአንድ ወገን የወረደው ዝናብ በቦርከና አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በሌላው ወገን የወረደው በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። የተፋሰስ ወሰን ማለት ምን እንደሆነ በእግራቸው እንዲረግጡት እፈልጋለሁ።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርህ። አንተ ስንት ዓመት መንገድ ስትሠራ ኖርክ። ውሃ የወሰደብህን ወይም አናቱ ላይ የሄደበትን ከልቨርት ታውቃለህ። የአምስት ስድስቱን ነጥብ ላክልኝ፤ ተማሪዎቼ ተፋሰሱን አውጥተው ለምን እንደሄደ ይፈልጉት። ክረምቱ ሲወጣ ብትመጣ ደግሞ ራስህ ትነግራቸዋለህ፣ ቤታችንም ታድራለህ። ነጥቦቹን ስትልክ ዳተማቸውን መጻፍ አትርሳ።

አብሽር፣ ደህና ሁንልኝ።

ወንድምህ